ማሎው ስትሪት መጋረጃውን የዘጋበት ቀን

ሲሪል ቦውድን ከብራይተን የተመለሰው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ወተት አዳዩ ባዶ ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ። መኪናዋ ከትልቁ መንገድ ታጥፋ ማሎው ስትሪት ስትገባ ሾፌሩ ፐርሲ ፍሬን ያዘ። ያዝ ያለው ሰው የለም።

«ምን ሆንክ?» አለው ሲሪል ከኋላ ወንበር።

«ጌታዬ፣ ይዩትማ።»

አየ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በግራም በቀኝም፣ የሁሉም ቤት የፊት መስኮት ተጋርዷል። ደጃፍ ላይ የምታወራ ሴት የለችም። ኳስ የሚያንከባልል ልጅ የለም። የመኪና ጎማ ካላሳደደ እንቅልፍ የማይወስደው የእነ ጊልክስ ውሻ እንኳ ደረጃ ላይ ተጋድሞ መኪናዋን በዓይኑ ብቻ ሸኛት።

በለንደን ወደብ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቃል። ሰው የሞተበት ቤት መጋረጃውን ይዘጋል። ጎረቤት ያንን ሲያይ የራሱን ይዘጋል፣ ቀጣዩም የእሱን አይቶ ይዘጋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ ዓይኑን ይጨፍናል። «ማን ነው?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ክብር፣ ኋላ ወሬ።

«ማን ይሆን?» አለ ፐርሲ ባርኔጣውን እያወለቀ።

ማሎው ስትሪት ተጋርዶ ሳለ «ማን ነው?» ሳይል የቀረ ሰው ከተባለ ሲሪል የመጀመሪያው ነው። እሱ ግን መጠየቅ አላስፈለገውም። አገኙት፣ አለ በሆዱ። ልጁን አገኙት።

ሲሪል ቦውድን እዚሁ መንገድ ላይ ተወልዶ እዚሁ መንገድ ላይ የተፈራ ሰው ነው። አባቱ ጠጥቶ የሚደባደብ የወደብ ተሸካሚ ነበር። ልጁ ሳይጠጡ መደባደብን ተማረ፤ የሁለቱ ዕድል የተለያየውም እዚያ ላይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ከቦምብ ሲሸሽ እሱ ጨለማ ለጨለማ ስኳርና ሥጋ ይሸጥ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ የፈረስ ውድድር አቋማሪዎቹ፣ ቀጥሎ መጠጥ ቤቶቹ፣ ቀጥሎ የቁማር ክለቦቹ አንድ በአንድ «ሚስተር ቦውድን» ማለትን ለመዱ። አፉ አልታዘዝ ያለውን ሐኪም ሰፋው። ሀብት ካገኘ በኋላም ከሰፈሩ አልወጣም። ምን በወጣው? አውራ ዶሮ የሚጮኸው በገዛ ጉድፉ ላይ ሆኖ ነው። ለገና ለየቤቱ ዝይ ይልካል፣ ባሏ ለሞተባት ከሰል ያራግፋል። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ በሙሉ ዲዳ ይሆናል። ሰፈርተኛው ይህን ውለታ ይለዋል። ፍርሃትም ሲቆይ የክርስትና ስም ያወጣል።

ልጁ ኮሊን ፎስዲክ ነው፤ የኔሊ አንድ ልጅ፣ እነሱ የሚኖሩት ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ። ሁለት ዓመት የሲሪልን መኪና ነዳ። ከዚያ አንድ ቀን ከአንድ ክለብ ጓሮ ማየት የማይገባውን አየና «መርከብ ላይ ልቀጠር ነው፣ ይልቀቁኝ» አለ። መልካም ልጅ ነበር፣ ጣጣውም መልካምነቱ ሆነ፤ መልካም ሰው ፖሊስ ፊት ከተቀመጠ ይናገራላ። ሲሪል ራሱ ከጋዝ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ረግረግ ወሰደው፤ ራሱ ተኮሰ፤ ራሱ ቀበረ። ለእናቱ «አውስትራሊያ ሥራ አግኝቼለት ሄዷል» አላት። በየገናው፣ ፍሪማንትል ወደብ የሚኖር አንድ የጥንት ባልደረባው በኮሊን ስም «ደኅና ነኝ» የሚል ካርድ ይልክላት ነበር።

በዚያን ዘመን ሰውን በጥይት የገደለ ሰው የሚጠብቀው ገመድ ነው። ረግረጉ ከተናገረ ሲሪል ይሰቀላል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ልንዳ፣ ወይስ እንመለስ?» አለ ፐርሲ።

«ለምን እንመለሳለን? የሸሸ ሰው ፈርሟል ማለት ነው። አንተ ትልቁ መንገድ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ። ሞተሩን እንዳታጠፋ።»

ያሰበው እንዲህ ነው፦ ከሁሉ ቀድሞ አዛኝ ይሆናል፣ ከሁሉ የበለጠ አበባ ይገዛል። ማን ደፍሮ ይጠረጥረዋል? ኮቱን አስተካክሎ በቀስታ ወደ ቤቱ ሄደ። ደጁ ሲደርስ ግን እግሩ ቆመ። የራሱም ቤት ተጋርዷል። ሚስቱ ቬራ ከቅዳሜ ጀምሮ ማርጌት፣ እህቷ ዘንድ ናት። ቁልፍ ያላቸው እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ገብቶ «ቬራ?» አለ። ቤቱ መልስ አልሰጠውም። የፊት ሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ጨለማ ይታያል። ያ ክፍል በዓመት አንዴ ለገና፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ ለሬሳ ብቻ የሚከፈት ነው። ሲሪል በሩን ሊገፋው እጁን ዘረጋ፣ መልሶም ሰበሰበው። ወዲያው የውጭው በር ተንኳኳ።

ዊኒ ጊልክስ ናት፣ ከፊት ለፊት። ሰው ሲሞት ለአበባ ጉንጉን መዋጮ የምትሰበስብ እሷ ናት፣ ማንም አልሾማትም፣ የሚሽራትም የለም። ጥቁር ኮት ደርባለች፣ ከሥሩ ሽርጧ ብቅ ብሏል።

«ሚስተር ቦውድን፣ የኔ ጌታ…» አለችና ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «ምን ልበልዎ? ቃል የለኝም።»

«ምን ይባላል ዊኒ። የእግዜር ሥራ ነው።»

«ሌላው ፊትዎ መቆም ፈርቶ ነው እንጂ ሁሉም መምጣቱ ነበር። እኔ እንግዲህ ያውቁኛል፣ አፌም እግሬም አያርፍ፣ ልሂድ አልኩ። ለአበባው ነው የመጣሁት። ባለ አበባው ዛሬውኑ ከታዘዘ ስሙን በነጭ አበባ ይሠራልናል። ምን ብሎ ይሥራው?»

የሲሪል ትከሻ ወረደ። እሱን እያስፈቀዱ ነው! እንደ ወትሮው፣ እንደ ሰፈሩ አባት፣ ምን ይጻፍ እያሉ ይጠይቁታል። ማንም አልጠረጠረውም። ከደስታው ብዛት ድምፁን አሳዘነ።

«ኮሊን በሉት» አለ። «በትልልቁ። ወጪውን እኔ እችላለሁ። ለኔሊም ንገሪያት፣ ሐዘኗ ሐዘኔ ነው።»

ዊኒ አፏን ከፈተች። ዊኒ አፏን ከፍታ ቃል ሳይወጣት የቀረበት ቀን በማሎው ስትሪት ታይቶ አይታወቅም።

«የቱ ኮሊን?»

«የቱ ኮሊን ይባላል እንዴ? የኔሊ ነዋ።»

«የኔሊ ኮሊን… አውስትራሊያ አይደል እንዴ ያለው?»

ከጓዳ የቧንቧው ጠብታ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለ ሲሪል።

አሁን ጠየቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«እኛማ ከእርስዎ ቤት ነው ብለን!» አለች ዊኒ። «ዛሬ ጠዋት ደረጃዬን ልፈትግ ስወጣ የእርስዎ ቤት ተጋርዷል። ወይኔ ቬራ ብዬ አልቅሼ የራሴን ዘጋሁ። እኔን አይቶ ሽማግሌው ሆፕኪንስ ዘጋ፣ እሱን አይተው እነ ታፕሌይ ዘጉ… እኔኮ አበባውን ‹ቬራ› ላስብል ነው የመጣሁት።»

«ቬራ ማርጌት ናት። ደኅና ናት።»

«ታዲያ ቤትዎን ማን ጋረደው?»

ሲሪል አንድ እርምጃ ጠጋ አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከወደቡ እስከ ሶሆ ያሉ ጎረምሶችን ሲያስገብር የኖረ ድምፅ ነው።

«ዊኒ። ዛሬ ከኔ የሰማሽው ነገር የለም።»

«የሰማሁት ነገር የለም ሚስተር ቦውድን» አለች ዊኒ።

ወጣች። በበሩ መስታወት አሻግሮ ተከተላት። ወደ ራሷ ቤት አላቀናችም። ሽርጧን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ መንገዱ ጫፍ፣ ወደ ኔሊ ቤት ሮጠች።

ወደ ማርጌት ስልክ ደወለ።

«መጋረጃውን?» አለች ቬራ። «ከፍቼው ነው የመጣሁት። አበቦቼ ፀሐይ ያግኙ ብዬ። ሲሪል፣ ምን ሆነሃል? ድምፅህኮ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።»

ስልኩን ዘግቶ ሳሎኑን ከፈተ።

ወንበሮቹ ሁሉ ተነሥተው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ከምድጃው በላይ ያለው መስተዋት በቬራ ነጭ የገበታ ልብስ ተሸፍኗል። ሰዓቱ ቆሟል፤ ለሬሳ የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል። የክፍሉ መካከል ባዶ ነው፣ ሰው ቁመቱን ሙሉ ቢጋደም የሚበቃ ባዶ። ሽታም አለ፤ ወንዙ ሲሸሽ ጭቃው የሚሸተው፣ ዝገት ዝገት የሚል።

ሲሪል እየተሳደበ መጋረጃውን በሁለት እጁ ገልጦ ብርሃን አስገባ። አንዱን ወንበር ከግድግዳ ጎትቶ ወደ ቦታው መለሰ። ሌላውን ሊይዝ ሲዞር ክፍሉ ጨለመ። ዞረ። መጋረጃው ተዘግቷል። ቀለበቶቹ ብረቱ ላይ ሲንሸራተቱ አልሰማም። የጎተተውም ወንበር ግድግዳው ጋ ነው።

ዳግመኛ አልገለጠውም። ሰው የሚሞክረው አንዴ ነው።

የውጭው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኔሊ ፎስዲክ ናት። ትንሽዬ ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስትገፍ እጇ ተሰነጣጥቋል። ሲሪልን በልጅነቱ ንፍጡን የጠረገችለት እሷ ስለሆነች «ሚስተር» ብላው አታውቅም።

«ሲሪል።»

«ኔሊ፣ ይቺ ዊኒ የነገረችሽ ነገር…»

«ተወው። ዊኒ ሳትነግረኝ ነው የማውቀው። መጀመሪያ የመጣው ካርድ ላይ ‹ካናሪሽ እንዴት ናት?› ይላል። ኮሊን ያቺን ወፍ አንገቷን ሊቆለምማት ስንቴ ከእጁ ያስጣልኩት ልጅ ነው። ካርድ ስታስጽፍ ትንሽ አትጠይቅም?»

«እያወቅሽ ታዲያ… ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ምን ላድርግ? ‹ልጄን ገደልክብኝ› ብዬ ደጅህ ልምጣና እኔም አውስትራሊያ ልሂድ?»

ከትከሻው ሥር አሾልካ ወደ ሳሎኑ አየች። የተደረደሩትን ወንበሮች፣ የተሸፈነውን መስተዋት፣ ባዶውን ቦታ። ፊቷ ላላ።

«አዘጋጅተህለታል» አለች።

«እኔ አይደለሁም ያዘጋጀሁት!»

«እኔም አይደለሁም።» አለፈችው፣ ገባች፣ ግድግዳው ጋ ካለው ወንበር ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። «የት ነው ያስቀመጥከው?»

«አላውቅም።»

«እሺ። እጠብቃለሁ። ሬሳ ሳይመጣ የሚሄድ ለቀስተኛ የለም።»

ሲሪል እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። የሚያስፈራራበት ነገር እዚያ ነበር። ነገር ግን አንዲት አሮጊት ሬሳ በሚጠበቅበት ክፍል ተቀምጣ እንዴት ትፈራለች? በዚህ መካከል ዊኒ ገባች፣ አቀርቅራ፣ ከኔሊ ቀጥላ ተቀመጠች። ከዊኒ ኋላ ሽማግሌው ሆፕኪንስ፣ ከዘራውን እያስቀደመ። እነ ታፕሌይ፣ ባልና ሚስት። ከዳቦ ቤቱ ሴትዮዋ፣ እጇ ላይ ዱቄቱ ሳይጠረግ። ጎረቤት ለጎረቤት በጓሮ በር በሚገባበት ሰፈር ሁሉም በፊት በር ገቡ፤ የፊት በር የሬሳ ነው። ማንም አልተናገረም፣ ማንም ሲሪልን አላየውም። ተቀምጠው የሚያዩት ያንን መካከለኛ ባዶ ቦታ ነው፤ አንድ የተጋደመ ነገር እንዳለበት፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ።

በሩ ላይ ፐርሲ ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ መኪናዋ ጋለች፣ እንሂድ ወይስ…»

መካከሉን ሲያይ ቃሉ ተቆረጠ። ምን እንዳየ እሱ ይወቅ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ የመኪናውን ቁልፍ ኮሪደሩ ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አስቀመጠ፤ ዳር ይዞ ቆመ።

«ፐርሲ! ና ውጣ፣ እንሂድ!»

«አልነዳም ሚስተር ቦውድን» አለ ፐርሲ በሹክሹክታ። ጌታዬ አላለውም።

ሲሪል በሁሉም ፊት ላይ ዓይኑን አንከራተተ። ዝይ የበሉ አፎች፣ ከሰል የሞቁ እጆች። አንዳቸውም ላይ ጥላቻ አልነበረም፣ ጥላቻ ቢሆን ያውቅበታል። ይህ ሌላ ነው።

«ምንድን ነው የምታዩት?» ብሎ ጮኸ። «ባዶ ነው እኮ! እዚህ ምንም የለም! ባዶ ነው!»

ሽማግሌው ሆፕኪንስ ከዘራው ላይ እንደተደገፈ ቀና አለ።

«ዝቅ አድርገህ ተናገር ልጄ» አለው። «ሰው ተኝቷል።»

ያኔ ሲሪል ወደ ምንጣፉ አየ። የምንጣፉ ፀጉር በአራት ቦታ፣ ሁለት በራስጌ ሁለት በግርጌ፣ ቀስ እያለ ሲሰረጉድ አየ፤ የሬሳ ሣጥን የተሸከመ መቆሚያ እግሮቹን እንደሚያሳርፍበት። የጭቃው ሽታ አፉ ውስጥ ገባ። ራሱን ሊያስት የመጣው ፍርሃት ግን ከሞተው ልጅ አልነበረም። ፍርሃቱ ይኸ ነበር፦ ካልተናገረ ይህ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ይኖራል። እነዚህ ሰዎች ነገም ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እሱም ከእነሱ ጋር ይቀመጣል፣ እስኪያረጅ። ከዚህ ገመድ ይሻላል፤ ገመድ አንዴ ነው።

«ረግረጉ ጋ ነው» አለ።

«ረግረጉ ሰፊ ነው» አለች ኔሊ።

«አሳይሻለሁ።»

«ተነሥ እንግዲህ።»

ወጡ። በዚያ ሰፈር ቀብር ሲወጣ ቀባሪው ረጅም ባርኔጣ አድርጎ ከሁሉ ፊት በእግሩ ይሄዳል፤ ከኋላው ሬሳውን የያዘው የፈረስ ሠረገላ፤ ከሠረገላው ኋላ እናት፤ ከእናት ኋላ ሕዝብ። ሲሪል መንገድ መሪ ነውና ፊት ሆነ። በየቤቱ ደጅ ሲያልፉ ሰው እየወጣ ከኋላ ይቀላቀላል። ሰልፍ ያዙ ያላቸው የለም። ዳኛ የለም፣ ተኳሽ የለም፣ ግን አንድም ሰው ከመስመሩ አልወጣም። መንገዱ ጫፍ ላይ የቆመው ፖሊስ፣ ሲሪል በስሙ የሚጠራው፣ በየገናው ዝይ የሚቀበል ያው ፖሊስ፣ ሰልፉን ሲያይ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። የማን ቀብር እንደሆነ ለመጠየቅ ዊኒ ጋ ጠጋ አለ። ዊኒ ነገረችው። እሱም ከኋላ ገባ።

የጋዝ ፋብሪካውን አጥር ሲያልፉ ሲሪል ዞር ብሎ አየ። ኔሊ ሩቅ ናት። ከእሱ እስከ እሷ ድረስ አንድ ሠረገላ ከነፈረሶቹ የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ መላው ሕዝብ ከዚያ ክፍተት በስተኋላ ነው። ቆመ፣ እንድትደርስበት። እሷም ቆመች። ሕዝቡም ቆመ።

«ቅረቢ እንጂ ኔሊ» አለ። ድምፁ የለማኝ ሆነ። «ምን ታስቀሪኛለሽ ብቻዬን?»

«ልጄን ልርገጥ?» አለች ኔሊ።

ዳግም አልዞረም። መሬቱ እየረጠበ መጣ፣ ጫማው ጭቃ ያዘ። በቀትር ፀሐይ፣ ጥላው ከእግሩ ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ ማጅራቱ ላይ አንድ ሙቅ ትንፋሽ አረፈበት፣ እርጥብ፣ ገለባ ገለባ የሚል፣ የፈረስ ትንፋሽ። ቢፈጥን ፈጠነ። ቢዘገይ ዘገየ። አንዴ ብቻ ከጆሮው አጠገብ ልጓም ቅጭል አለ። ሲሪል ቦውድን፣ ሰው ሲያለቅስ እያየ እራቱን የሚበላ ሰው፣ ያለቅስ ጀመር፣ እየሄደ፣ እጁን ሳያነሣ።

ከፋብሪካው የተጣለ የዛገ የውሃ ማፍያ ቦይለር ግማሽ ጎኑን ጭቃ ውጦት ተጋድሟል። ከሱ በስተግራ ሸምበቆው ከሌላው ይልቅ የጠቆረበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ነው» አለ።

ኔሊ ያንን ክፍተት በመካከሉ አላቋረጠችውም። የቆመን ሠረገላ እንደሚዞር ሰው ዳሩን ዞራ መጣች፣ ሸምበቆው ጋ ተንበረከከች፣ ቦርሳዋን ከጎኗ አስቀምጣ በተሰነጣጠቀው እጇ ጭቃውን ዳሰሰች። የልጁን ግንባር ትኩሳት እንደምትለካ ዓይነት።

«በርዶሃል» አለችው። ለሲሪል አልነበረም።

ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሲሪል መጣ።

«ሚስተር ቦውድን፣ እጅዎን።»

ሲሪል ሁለቱንም እጁን ዘረጋ፣ ልክ ሲጠብቀው የኖረ ያህል ፈጥኖ። ብረቱ ሲያቀዘቅዘው ነው ማጅራቱ ላይ የነበረው ሙቀት የለቀቀው።